ከረጢቱ እንጂ ሐሞቱ አይወጣም

በቋንቋችን የድፍረት ማደሪያ ሐሞት ነው፤ የፈራ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። ስለዚህ የሐሞት ከረጢትህ ይወጣል የተባለ ሕመምተኛ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ሐሞትን የሚያመነጨው ግን ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ነው። የጦር ፈረስ እንኳ ይህ ከረጢት የለውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ከረጢቱን ከፍተው ጠጠሩን ብቻ ያወጡ ነበር፤ ጠጠሩ ግን ዳግም ሊፈጠር ይችላል። ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡኽ መወገድ ያለበት ጠጠር የሚፈጠርበት ከረጢት ራሱ ነው አለ። በአስከሬን ላይ ለዓመታት ተለማምዶ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1882 በበርሊኑ ላዛሩስ ሆስፒታል የአንድ የ43 ዓመት ሰው ከረጢት አወጣ። ሰውየው ዳነ፤ ሆስፒታል የቆየው ግን ከስድስት ሳምንታት በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ኤሪኽ ሚዬ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በመመልከቻ መሣሪያ ታግዞ በትንሽ ቀዳዳ አወጣው። በዓመቱ ለሀገሩ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ቢያቀርበው ተናቀበት፤ ሙያችን አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ዛሬ በዚህ መንገድ የታከመ ብዙ ሰው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል። ቁስሉ በማነሱ መዘናጋት ግን አይገባም፤ የወጣው አካል ያው ላንገንቡኽ ያወጣው ነው። ከባድ ዕቃ ማንሣት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የዐይን ቢጫ መሆን ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ያሻል።