አስራ አራተኛው ቀን

ሰው ሰው የሚባለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። አሪስቶትል የወንዱ ፅንስ እንቅስቃሴ በ40ኛው፣ የሴቷ በ90ኛው ቀን ግድም ይታወቃል ብሎ ጽፏል። (የእኛን የ40 እና የ80 ቀን ክርስትና ያስታውሳል፤ ግን የእኛ የሚቆጠረው ከተወለዱ በኋላ ስለሆነ አናደባልቀው።) እንግሊዞች ደግሞ በ1984 ሌላ ቁጥር አመጡ፤ 14። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ ቁጥር እንዴት እንደተወለደና ዛሬ ምን እንደገጠመው ላውጋችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በሐምሌ 1978 ነው። ሉዊዝ ብራውን የምትባል ሕፃን ኦልድሃም በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ተወለደች። የተፀነሰችው ከእናቷ ማኅፀን ውጪ፣ በቤተ ሙከራ ነው። ሕዝቡ እልል አለ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። ለካ ፅንስን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል! ታዲያ ለስንት ቀን? መንግሥት በ1982 ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢዋ ሐኪም አልነበሩም፣ የሃይማኖት ሰውም አልነበሩም። ሜሪ ዋርኖክ የሚባሉ የፍልስፍና መምህር፣ በአንድ ወቅትም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ ሴት ናቸው።

ኮሚቴው ውስጥ ምርምሩ ጨርሶ ይከልከል የሚሉ ነበሩ። አባል የነበሩት የሥነ ሕይወት ሊቅ አን ማክላረን ግን አንድ ነገር አስረዱ። በ15ኛው ቀን ገደማ በፅንሱ ላይ ቀጭን መስመር ብቅ ትላለች። ራስ በየት፣ እግር በየት እንደሚሆን የሚለየው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ፅንሱ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ይሁን ሁለት ገና አለየለትም። እንግዲያው ከመስመሯ በፊት እናቁም ተባለ።

እኔን የሚገርመኝ የዋርኖክ ሐቀኝነት ነው። ሰው የሚጀምርበትን ሰዓት ሳይንስ አገኘልን አላሉም። የማይስማሙ ሰዎች አብረው ለመኖር አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለባቸው፣ ቀን ደግሞ ዳኛውም ተመራማሪውም እኩል ይቆጥረዋል፤ ሐሳባቸው ይኸው ነበር። በ1990 ሕግ ሆነ። የጣሰ ይታሰራል። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሕጉ ለረጅም ጊዜ ማንንም አልከለከለም። አጥሩ የታጠረው ከብቱ አጠገቡ ሳይደርስ ነው። በዚያን ጊዜ ፅንስን በቤተ ሙከራ ሁለት ሳምንት የሚያቆይ አልነበረም። በ2016 ነው በካምብሪጅና በኒውዮርክ ያሉ ሁለት ቡድኖች እስከ 12ኛውና 13ኛው ቀን አድርሰው፣ በሕጉና በደንቡ ምክንያት ያቆሙት። በ2021 ዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ምርምር ማኅበር 14ኛውን ቀን ማለፍን ፈጽሞ ክልክል ከሆኑት ዝርዝር አወጣው።

ዋናው ጉድ ግን የመጣው በሌላ በር ነው። ፅንስን ከማሳደግ ይልቅ አምሳያውን መሥራት! ስቴም ሴል ማለት ገና ሙያ ያልያዘ ሕዋስ ነው፤ እንደ አያያዙ ነርቭም ልብም ይሆናል። እስራኤል በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም የጄኮብ ሃና ቡድን በ2022 ያለ እንቁላል፣ ያለ ወንድ ዘር፣ ያለ ማኅፀን ከአይጥ ስቴም ሴሎች የፅንስ አምሳያ ሠራ። ልቡ ይመታ ነበር። በመስከረም 2023 ይኸው ቡድን የሰውን አወጣ። ከተሞከረው ውስጥ የተሳካው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የተሳካው ግን የ14 ቀን ፅንስ ይመስላል። የእርግዝና ሆርሞን ስለሚያመነጭ የእርግዝና መመርመሪያው “አዎ” አለ። እርጉዝ ግን የለችም!

እስቲ አሁን ቁጠሩ። 14 ከምን ተነስቶ? ሕጉ የሚቆጥረው ዘርና እንቁላል ከተገናኙበት ነው። እዚህ የተገናኘ ነገር የለም። አምሳያው ሲጀምር የስድስት ቀን ፅንስ ያህል ሆኖ ነው፤ ከዚያ ስምንት ቀን አደገ። ዕድሜው ስምንት ነው ወይስ 14? ሰዓቱ መነሻ አጣ።

አገሮችም መልሳቸው ለየቅል ነው። በ2021 ሜልበርን ውስጥ ከአዋቂ ሰው የቆዳ ሕዋስ ተነስተው የፅንስ አምሳያ ሲሠሩ፣ የአውስትራሊያ ተቆጣጣሪ “በሕጋችን ይህ ፅንስ ነው” አለ። በእንግሊዝ የ1990ው ሕግ አይነካውም፤ በሐምሌ 2024 የወጣውም በፈቃደኝነት የሚከበር የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ያው ነገር አውሮፕላን ቢሳፈር ሲነሳ ፅንስ፣ ሲያርፍ ሌላ ነገር ሊሆን ነው።

ጥቅሙን አልክድም። ብዙ እርግዝና የሚጨናገፈው በነዚያ በማይታዩት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ልጅ ላጣች ሴት ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ክርክር አይዋጥልኝም። ገንዘብ ሲጠየቅ “ከፅንስ አይለይም” ይባላል፤ ሕግ ሲነሳ ደግሞ “ኧረ አምሳያ እኮ ነው!” ዱላውን በሁለቱም ጫፍ መያዝ ይሉታል ይህንን። ስሙን የሚያወጣው ሠሪው ብቻ ሊሆን አይገባም።

በርግጥ እስካሁን የተሠሩት ልጅ አይሆኑም። በ2023 ቻይና ውስጥ የጦጣ ስቴም ሴል አምሳያዎች በስምንት ሴት ጦጣዎች ማኅፀን ገብተው፣ በሦስቱ የእርግዝና ምልክት ታይቶ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። የሰውን አምሳያ ማኅፀን ማስገባት በማኅበሩ መመሪያ ክልክል ነው፤ በ2025 ደግሞ በቤተ ሙከራ ነፍስ እስኪዘራ ማሳደግም ተከልክሏል። ማኅበሩ ግን መንግሥት አይደለም፣ የሚያስርበት ወህኒም የለው። የዋርኖክ 14 ቀን ከኮሚቴ ወረቀት ወጥቶ ሕግ እስኪሆን ስድስት ዓመት ሙሉ በአደባባይ ተጨቃጭቀውበታል።