ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ፦ የሻጭ ኃላፊነት ከፊቅህ እስከ ፍትሐ ብሔር ሕግ

ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል ለወሎ ደጋ ገበሬ የክፉ ቀን እህል ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ የታየው ይኸው ነው። ከራሱ ማሳ ለበላ ሰው ተጠያቂ ሻጭ የለም። ጓያን ከአተር ጋር ፈጭቶ «የአተር ሽሮ» እያለ በመካነ ሰላም ገበያ የሚሸጥ ቢኖርስ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር ውስጥ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን የገሠጹት ነውሩን በመደበቁ ነው። ፉቀሃዎች በኺያር አል-ዐይብ ለገዢው ዕቃውን መልሶ ዋጋውን የመውሰድ መብት ሰጡት። የሽባ እግር ግን በዋጋ መመለስ አይካስም፤ ያ የደማን፣ ማለትም የካሣ ኃላፊነት ጉዳይ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ለጉዳት ሰበብ የሆነ ሰው የሚጠየቀው ወሰን ሲያልፍ ነው፤ ማታለል ወሰን ማለፍ መሆኑን አንጠራጠርም።

በ1936 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የቃዲዎችን ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ስለ ወሰነው ይህ ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አለፈ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ለትርፍ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደ አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ የሚታወቅ ከሆነ ግን አይጠየቅም። ጓያ በፍሬው ይለያል፤ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል?

ተጎጂው ወደ ኢማሙ ሲመጣ ሱልሁ መልካም ነው፤ ሆኖም በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረው።