«ፎርማልዴሃይድ የለውም» የተባለው የጸጉር ማለስለሻ እና የካሊፎርኒያው የክስ ስምምነት

ፎርማልዴሃይድ ቀለም የሌለው፣ ሽታው የሚከነክን ጋዝ ነው። በውሃ የተሟሟው አስከሬን እንዳይበሰብስ ለማቆየት ያገለግላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ጉዳዩ እንዴት ተነሣ?

በ2010 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የሚሠሩ የጸጉር ባለሙያዎች «ብራዚሊያን ብሎውአውት» በተባለ ማለስለሻ ሲሠሩ ዐይናቸውን እንደሚያቃጥላቸው፣ እንደሚነስራቸውና ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ተናገሩ። ምርቱ የሚሸጠው ግን «ፎርማልዴሃይድ የለውም» ተብሎ ነበር። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ54 የጸጉር ቤቶች 105 ናሙናዎችን አስመረመረ። የዚህ ምርት ስም በተለጠፈባቸው 37 ናሙናዎች ውስጥ ከ6.8 እስከ 11.8 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ተገኘ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ግን መጠኑ ከ0.1 በመቶ ካለፈ ለሠራተኛው መገለጽ አለበት።

አምራቹ «በውስጡ ያለው ሜቲሊን ግላይኮል ነው» ሲል ተከራከረ። ሜቲሊን ግላይኮል ፎርማልዴሃይድ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ጸጉሩ በፔስትራ ሲተኮስ ጋዙ ተመልሶ ይወጣል፤ ባለሙያዋም ደንበኛዋም ይተነፍሱታል።

ስምምነቱ ምን ይዟል?

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2010 መጨረሻ አምራቹን ከሰሰ። ጉዳዩ በጃንዋሪ 2012 በስምምነት ተዘጋ። ኩባንያው፦

• 600,000 ዶላር በቅጣትና በወጪ መልክ እንዲከፍል፣
• ምርቱ ፎርማልዴሃይድ ጋዝ እንደሚለቅ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲያወጣ፣
• «ፎርማልዴሃይድ የለውም» የሚለውን አሳሳች ማስታወቂያ እንዲያቆም፣
• ለጸጉር ቤቶች የተሟላ የደኅንነት መረጃ እንዲሰጥ ተስማማ።

ስምምነቱ ምርቱን ከገበያ አላስወጣም። እንዲህ ያለ ስምምነት በአብዛኛው የሚያስገድደው የተደበቀው እንዲገለጽ ነው፤ መግዛትና አለመግዛቱ ለተጠቃሚው ይተዋል። እገዳው የመጣው በሌላ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በ2020 ያጸደቀችው፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራው የመዋቢያ ምርቶች ሕግ ፎርማልዴሃይድንም ሜቲሊን ግላይኮልንም ከልክሏል።

ለተጠቃሚው

«የለውም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከጀርባው ያለውን የይዘት ዝርዝር ያንብቡ። «ፎርማሊን»፣ «ሜቲሊን ግላይኮል» እና «ሜታንዲዮል» የሚሉት ስሞች ሁሉ ወደዚሁ ጋዝ ያመለክታሉ። ሲተኮስ ዐይን የሚያስለቅስ ጭስ ከወጣ ሥራውን ማቆምና ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይገባል።