የደን አፈር ካርቦን (ደቡብ ጎንደር)

የደን አፈር ካርቦን ማለት በደን ሥር ባለ አፈር ውስጥ፣ በብስባሽ፣ በረገፈ ቅጠል፣ በሞቱ ሥሮችና በደቂቅ ሕዋሳት አካል ተከማችቶ የሚገኝ ካርቦን ነው። መጠኑን የሚወስነው ከዛፎች ወደ አፈሩ በሚገባው ካርቦንና ደቂቅ ሕዋሳት አብስብሰው ወደ አየር በሚመልሱት መካከል ያለው ሚዛን ነው። ይህን ሚዛን በዋናነት የሚለውጡት አሲዳማነት፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን፣ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ተራራ ባለው ምድር፣ የቀረው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው።

በዓለም ደረጃ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ውስጥ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንዳለ ይገመታል። ይህ በአየር ውስጥ ካለው ይበልጣል።

አካባቢው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን ርብና ጉማራ ወንዞች ያቋርጡታል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ትገኛለች። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ወደ ምሥራቅ ሲወጣ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ስትሆን የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል።

የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ይህ ጥናት ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። የደኖቹ ስፋት ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር ነበር። በአካባቢው ደኖች ከሚታወቁት ዛፎች መካከል ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ብሳና ይገኛሉ።

የአሲዳማነት ውጤት

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው። 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው። መለኪያው በአንድ ነጥብ ሲወርድ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር ፒኤቹ 7 ከሆነው 100 እጥፍ አሲዳማ ነው።

አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ወደ ገለልተኛ የተጠጋ አፈር ይስማማቸዋል። ፈንገሶች ግን አሲዳማነትን በተሻለ ይቋቋማሉ። በእንግሊዝ ሮተምስቴድ የምርምር ጣቢያ፣ ፒኤቹ ከ4 እስከ 8.3 በሚደርስ አንድ ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ፒኤቹ ከ8.3 ወደ 4.5 ሲወርድ የባክቴሪያ ዕድገት ወደ አንድ አምስተኛ ሲቀንስ የፈንገስ ዕድገት 5 እጥፍ ያህል ጨምሯል።

ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ማዕድናት ውስጥ የታሰረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ይህ ሥሮችንና ብዙ ደቂቅ ሕዋሳትን ይጎዳል። በጣም አሲዳማ በሆነ አፈር መበስበስ ስለሚዘገይ ያልበሰበሰ ቅጠል ሊከመር ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁልጊዜ ብዙ ካርቦን ይኖራል ማለት አይደለም፤ ዕፅዋቱም በደንብ ስለማያድጉ ወደ አፈሩ የሚገባው ይቀንሳል።

የሙቀት ውጤት

ደቂቅ ሕዋሳት ብስባሽን የሚሰባብሩት በኢንዛይሞች ነው፤ ሙቀት ሲጨምር የኢንዛይሞቹ ሥራ ይፋጠናል። እርጥበት ካልጎደለ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የመበስበስ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል።

ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር የአየር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው የ900 ሜትር ልዩነት ከ5 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ በወረታ አካባቢ አንድ ዓይነት ቅጠል ከደብረ ታቦር 1.5 እጥፍ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይበሰብሳል ማለት ነው።

በአሜሪካ ሃርቫርድ ደን እ.ኤ.አ. በ1991 በተጀመረ ሙከራ አፈሩ ከአካባቢው 5 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ተደርጓል። ከ26 ዓመት በኋላ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር 17 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ጠፍቷል። በፓናማ ሞቃታማ ደን አፈሩ በ4 ዲግሪ እንዲሞቅ ሲደረግ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ55 በመቶ ጨምሯል።

እርጥበት፣ የመጀመሪያው ዝናብና ጎርፍ

በበጋ መጨረሻ የፎገራ አካባቢ ሞቃት ቢሆንም አፈሩ ደረቅ ስለሆነ ደቂቅ ሕዋሳት ሥራ ይፈታሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ በድንገት ይነቃሉ፤ ለጥቂት ቀናትም ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይለቃሉ። ይህ ክስተት፣ በኬንያ አፈር ላይ ሲሠራ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዝርዝር ባጠናው ተመራማሪ ስም፣ የበርች ውጤት ይባላል።

ሜዳው በክረምት በውኃ ሲሸፈን ሁኔታው ይለወጣል። በሩዝ ማሳዎች አፈሩ ኦክስጅን ስለሚያጣ መበስበስ ይዘገያል፤ ነገር ግን ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫሉ። አሲዳማ አፈር በውኃ ሲሸፈን ፒኤቹ ወደ ገለልተኛ የመጠጋት ጠባይ አለው።

ደን ወደ እርሻ ሲለወጥ

በደን ውስጥ ዛፎች ካልሲየምና ማግኒዚየምን ከጥልቅ አፈር በሥሮቻቸው ስበው በቅጠል መልክ ወደ ላይኛው አፈር ይመልሳሉ። እርሻ ሲሆን ግን እህሉም ገለባውም ከማሳው ይወጣል። ኩበት ለማገዶ ሲውል ወደ አፈሩ የሚመለሰው ይበልጥ ያንሳል። ዝናብ ቀሪውን ማዕድን ያጥባል፤ እንደ ዩሪያ ያሉ የናይትሮጅን ማዳበሪያዎችም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይፈጥራሉ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ጥላው ሲጠፋ አፈሩ ይሞቃል፤ ማረስ ደግሞ ተሸሽጎ የነበረውን ብስባሽ ለአየርና ለደቂቅ ሕዋሳት ያጋልጣል። ለብዙ ዘመናት የተከማቸ ካርቦን በጥቂት አሥርት ዓመታት ሊቀንስ የሚችለው በነዚህ ምክንያቶች ነው።

አሲዳማ የእርሻ መሬትን ለማከም ኖራ ይጨመራል። ኖራ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል፣ ሰብሉም በደንብ እንዲያድግ ይረዳል። በሌላ በኩል የባክቴሪያን ሥራ ስለሚያነቃቃ፣ ብስባሽ ወይም ፍግ አብሮ ካልገባ የነበረው ካርቦን ሊቀንስ ይችላል።

የደኑ ስፋትና ጥበቃ

በትንሽ ደን ዳር ፀሐይና ነፋስ ስለሚገባ አፈሩ ከመሐሉ ይልቅ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ለምሳሌ ክብ ቅርጽ ያለው ባለ 4 ሄክታር ደን ቢወሰድ፣ ከዳር እስከ 20 ሜትር ያለው ክፍል ከጠቅላላ ስፋቱ 32 በመቶ ይሆናል። በ100 ሄክታር ደን ግን ይኸው ክፍል 7 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ደን ከዳሩ ጥቂት ሜትር ሲቆረስበት የሚያጣው ከትልቁ ይበልጣል።

በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተሠራው የድንጋይ አጥር ከብት እንዳይገባ ይከለክላል። ከብት ካልገባ ችግኝ አይበላም፣ አፈሩም በኮቴ አይጠቀጠቅም። የረገፈው ቅጠል እዚያው ሲቀር አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ እርጥበቱን ያቆያል፣ ሲበሰብስም ማዕድኑን ይመልሳል።