ውጅግራ፦ የግራ ጠመንጃና አጭሩ የፈረሰኛ ዓይነት

ውጅግራ የሚለው ስም የተገኘው ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» ነው፤ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው። ግራ እዚህ ላይ የእጅ ግራ አይደለም፤ መሣሪያውን የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው።

ፈረንሳይ ቀደም ሲል የምትታጠቀው ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ወረቀቱ እርጥበት አይችልም፤ ጋዝ እንዳያፈተልክ መዝጊያው ላይ የሚደረገው የጎማ ቀለበትም በተኩስ ብዛት እየተቃጠለ ያልቃል። ግራ ያንኑ መሣሪያ ለናስ ቀለህ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው፤ በ1874 እ.ኤ.አ.ም የጦሩ መሣሪያ ሆነ። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው።

የእግረኛው ጠመንጃ 1 ሜትር ከ30 ይረዝማል። ለፈረሰኛ የተሠራው ግን 1 ሜትር ከ17 ገደማ ነው፤ የመዝጊያው እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሳንጃም አይሰካበትም። አንድን ቁራጭ ጠመንጃ ከእውነተኛው የፈረሰኛ መሣሪያ ለመለየት ሰብሳቢ መጀመሪያ ማየት ያለበት እነዚህን ነው፤ የረጅሙን አፈሙዝ ቆርጦ ማሳጠር ቀላል ስለሆነ ርዝመቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ቀጥሎ የሚነበበው ብረቱ ነው። በጎኑ ላይ የሴንት ኤትየን ወይም የሌላ ፋብሪካ ስም ተቀርጿል። «ኤም 80» የሚል ምልክት ካለ፣ ቀለህ ሲፈነዳ ጋዙ ተኳሹን እንዳይጎዳ በ1880 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሻሻያ ተደርጎለታል ማለት ነው። የአፈሙዙና የመዝጊያው ቁጥር ከተመሳሰለ ሁለቱ ክፍሎች ከመጀመሪያው አብረው እንደነበሩ ያመለክታል። የእግረኛው ሳንጃ ደግሞ ከሁሉም ደስ የሚል ነው፦ በጀርባው ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ተቀርጾበታል።

በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ሌቤል ሲመጣ ውጅግራ በፈረንሳይ አረጀ። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ግን ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ገዙት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ ሆነ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ አርበኞች እየተኮሱበት ነበር።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው በአሸዋ ወረቀት ሊያበራው አይገባም። በጠፍር የተጠገነ ሰደፍ ቢገኝበትም እንዳለ ይቀመጥ፤ ጽሑፉና ቁጥሩ ከተፋቀ በኋላ መልሶ ማውጣት ቀላል አይደለም።