እስከ ንጋት የዘለቀው መድረክ፦ ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን

አንድ ዝነኛ ድምፃዊ በአንድ ሆቴል መድረክ ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በቋሚነት ሲጫወት የሚታየው በአብዛኛው በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ እአአ ከ1969 እስከ 1976 በአንድ የቁማር ሆቴል ከ600 ጊዜ በላይ መድረክ ላይ ወጥቷል። ሴሊን ዲዮንም በ2003 በሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ተመሳሳይ ዝግጅት ጀምራ ለዓመታት ቀጥላለች።

በኢትዮጵያ ቁማር ባይኖርበትም ለዚህ አሠራር የሚቀርበው የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ የሆቴል መድረክ ነው። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ በግዮን ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ደግሞ በሂልተን ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህ መካከል በዚህ ዘመን ስሙ በዓለም ይበልጥ የሚነሳው ዋልያስ ነው።

ከዚያ ቀደም ታላላቅ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያውም የመንግሥት ንብረት ነበር። የግል የምሽት ክበቦች ሲስፋፉም መሣሪያውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ስለነበር፣ ባንዱ ከእርሱ እጅ አይወጣም ነበር። የዋልያስ አባላት ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ከሂልተን ጋር የሠሩትም ሠራተኛ ሆነው ሳይሆን በውል ነበር።

የባንዱ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ አልፏል። ባንዱ በ1977 ያወጣው ‘ቸ በለው’ የተሰኘው አልበም በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት በዚያ የደርግ ዘመን፣ ቃል የሌለው ዜማ ለሙዚቀኞች ሰፋ ያለ ነፃነት ይሰጥ ነበር።

የሰዓት እላፊ ገደቡም ለምሽት ሙዚቃ የራሱን መልክ ሰጠው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት የተከለከለ በመሆኑ፣ እንግዳው ወይ ቀደም ብሎ ይሄዳል፣ ወይ በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያነጋል። ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል።

በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ኢትዮጵያውያን ሌሊቱን በእግር ይጓዙ ነበር። ከጎንደር በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ጋላባት፣ ከዚያም በሰሊጥና በማሽላ እርሻዋ ወደምትታወቀው ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ፣ ከእስርና ከጦርነት ለሚሸሹ ዋነኛ መውጫ ከነበሩት አንዱ ነው። በምሥራቅ ሱዳን ዑም ራኩባን የመሳሰሉ መጠለያዎች ብዙ ሺህ ስደተኞችን ተቀብለዋል። የሱዳን ዜማም እንደ ኢትዮጵያው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ስደተኛው በባዕድ ቋንቋ የሚሰማው ዘፈን ለጆሮው እንግዳ አልነበረም።

ለዋልያስ አባላት ግን የመውጫው በር በአውሮፕላን ተከፈተ። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ሠራ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነና ሌሎች አባላት እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ለዓመታት ሂልተንን ያደመቀው ስብስብ በዚሁ ለሁለት ተከፈለ።

የአውሮፕላኑ ስደትም ዋጋ አስከፍሏል። ግርማ በየነ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ራቀ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኪቦርድ ጋር አዋህዶ ካሴት ቢቀርፅም፣ መተዳደሪያው ታክሲ መንዳት ሆነ። ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም አቀፍ አድማጭ አገኘ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 ‘ላላ በሉ’ የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ ባንድ አካሌ ውቤ ጋር የሠራውን አልበም ይዞ ተመለሰ።

የላስ ቬጋሱ ኮከብ ውሉ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን የራሳቸው ማድረግ ቢችሉም፣ በገዛ አገራቸው የሚቀጥሉበትን መድረክ ጠብቀው ማቆየት አልቻሉም።