ከቆቦ መናኸሪያ እስከ ሐይቆቹ ዳር፤ የእግር መንገድ እንደ ታሪክ ሰነድ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ጥቂት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ከቆቦ መናኸሪያ ተሳፍሮ በአንድ ቀን ሊደረስባቸው ስለሚችሉ የሁለት ሐይቆች ዳርቻ የእግር መንገዶች ነው። አንደኛው በሰሜን፣ ከኮረም አለፍ ብሎ የሚገኘው ሐሸንጌ ነው። ሁለተኛው በደቡብ፣ በወልድያና በደሴ መካከል ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ነው። በዞብል ተራሮችና በላስታ ከፍታ መካከል የተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ ለሁለቱም መነሻ መሆኑ በራሱ የታሪክ ውጤት ነው፤ የመኪና መንገዱ ከመሠራቱ በፊት እንዲህ አልነበረምና።

ሐሸንጌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ከቆቦ ተነሥተን አላማጣን አልፈን፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሰን፣ ኮረም ላይ ሻይ ጠጥተን ጉዞ ስንቀጥል ውኃው ድንገት ብቅ አለ። ወዲያውም ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር፤ እኔም ብዙ አልተደነቅሁም። ከዓመታት በኋላ ግን ከመኪና ወርጄ በዳርቻው ስሄድ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ መኪናው ጥሎህ ሄደ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መማር ለማኝ ሰው በእግሩ ሐይቅ ዳር መሄዱ የሚገባቸው መኪና ሲያመልጠው ብቻ ነበር። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ የመንገዱን ታሪክ እንድፈትሽ ያደረገኝም እርሱ ነው።

ቀድሞ በሐሸንጌ ያለፈ ሁሉ በእግር ወይም በከብት ነው ያለፈው። በ1534 ዓ.ም. የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የፖርቱጋል ጦር ክረምቱን ለማሳለፍ የሰፈረው በወፍላ፣ በሐይቁ አካባቢ ነበር፤ ኢማም አሕመድ ድል የነሣውና አዛዡም ተማርኮ የተገደለው በዚያው ዘመቻ ነው። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ዝሆኖቹን ሳይቀር ይዞ ወደ መቅደላ ሲያመራ በሐሸንጌ አለፈ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ጦሩ ከሐይቁ ተነሥቶ የሄደበትን አቅጣጫ ነው። ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ ሜዳ አልወረደም። ደጋውን ይዞ በላስታ በኩል ወደ ዋድላ አቀና። የደጋ ሰው ቆላውን የሚፈራው በወባው ነበር፤ ነጋዴም ሠራዊትም እንደ ቻለ ከፍታውን አይለቅም። በዚያ ዘመን ሐሸንጌ የዋናው መንገድ ማረፊያ ነበር፤ ከእግሩ ሥር የተዘረጋው የራያ ሜዳ ግን ከመንገዱ ውጭ ነበር።

ይህን ሥርዓት የገለበጠው ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ኢጣሊያኖች ከአሥመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት የመኪና መንገድ ነው። መሐንዲስ ሜዳ ይወዳል። መንገዱ ከኮረም ግራ ካሕሱን ወርዶ፣ አላማጣንና ቆቦን አቋርጦ ወደ ወልድያ ቀጠለ። ቆቦ የተሳፋሪ መውጫና መውረጃ ሆነች። ሐሸንጌም ከመንገዱ አልራቀም፤ ነገር ግን መንገደኛ የሚያድርበት፣ ከብቱን የሚያጠጣበት መሆኑ ቀረና በመስኮት የሚታይ ውኃ ሆነ። የዳርቻው የእግር መንገድ ለእረኛውና ገበያ ለሚወጣው ባላገር ብቻ ቀረ። እነዚያ አዛውንት የጠየቁኝ ጥያቄ ሥሩ እዚህ ነው።

መስኮቱ የሚሰውረው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማሳየት ወደ 1928 ዓ.ም. ልመለስ። በመጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተካሄደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ በሐሸንጌ ዙሪያ ያለው ሜዳ ወጥመድ ሆነበት። ሐይቁ በተራሮች የተከበበ ነው፤ ዳርቻው ዛፍ የሌለው የግጦሽ መስክ ነው። ከአውሮፕላን የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረም። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተዳከመው ሠራዊት ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ መርዝ ጋዝ ሲናገሩ በዓይናቸው ያዩትን ነበር የሚናገሩት። ይህን ምዕራፍ ተማሪዎቼ በመጽሐፍ አንብበውታል። በዳርቻው ለሁለት ሰዓት የተራመደ ተማሪ ግን «ለምን አልተበተኑም? ለምን አልተሸሸጉም?» ብሎ አይጠይቅም፤ መልሱን በእግሩ ለክቶታል።

እኛ የራያ ልጆች ልንሸሸው የማይገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ያንን ሠራዊት ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከምድርም የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች አጥቅተውታል። ኢጣሊያ ገንዘብና መሣሪያ አከፋፍላለች፤ ይህ እውነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የተነሣውን የራያና አዘቦ ዐመፅ ለማብረድ በሕዝቡ ላይ ብርቱ የቅጣት ዘመቻ መካሄዱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ መርጦ የሚተርክ መምህር ታሪክ አላስተማረም። ይህን ጉዳይ ያለ ቁጣ ለመወያየት ከአዳራሽ ይልቅ የሐይቁ ዳር እንደሚሻል ከልምዴ እመሰክራለሁ፤ ጎን ለጎን የሚራመዱ ሰዎች ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡት አይፋጠጡም።

ስለ ኮረም አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የረሃቡን ምስል ለዓለም ያሳዩት ሻይ ከምንጠጣባት ከዚህችው ከተማ ነው። በቅርቡ ጦርነትም ከቆቦ ወደ ሰሜን የሚወስደው መስመር ተዘግቶ እንደ ነበር ሁላችንም አንዘነጋም። ሐይቁ ሳይርቅ ጉዞው ሊቀር እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው።

ወደ ደቡብ ስንዞር ጉዞው ቀለል ይላል። ከቆቦ ወልድያ ደርሶ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና መያዝ ነው። መርሳንና ውርጌሳን እናልፋለን፤ ቀጥሎ ውጫሌ ነው። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በስሙ የሚጠራበት ስፍራ መሆኑን ረዳቱ አይነግራችሁም፤ «ውጫሌ ወራጅ አለ?» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ሐይቅ ከተማ ወርዶ በእግር ወደ ውኃው መውረድ ይቻላል።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበትን ገዳም ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ወደ ገዳሙ የሚያስገባው መንገድ ነው። ፉቱሕ አል-ሐበሻ የተባለው የዐረብ ፋቂህ ዜና መዋዕል የኢማም አሕመድ ጦር በ1524 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ ሲመጣ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበር ይተርካል። ዘማቾቹ ውኃውን ለመሻገር ታንኳ ማበጀት ነበረባቸው። ዛሬ ግን ገዳሙ ያለው ከየብስ ጋር በተያያዘ ልሳነ ምድር ላይ ነው፤ ጫማችንን ሳናርስ እንገባለን። ውኃው ሸሽቷል። የዜና መዋዕሉን ጸሐፊ ስለ ደሴቱ ተሳስቷል ብሎ የሚፈርድ ተማሪ ካለ፣ መጀመሪያ በዚያ መንገድ ይሂድና ግራና ቀኙን ይመልከት።

ሴት ተማሪዎቻችን ወደ ገዳሙ ግቢ እንደማይገቡ አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ ባለፉት ጉዞዎች ይህን ደርሰው እያወቁ አዝነዋል። የሐይቁ ዳርቻ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። አቅም ያለው ከዚያ ወደ አርዲቦ ሐይቅ መውጣት ይችላል። ከፍ ብሎ የተቀመጠው የአርዲቦ ትርፍ ውኃ ወደ ታችኛው ሐይቅ ስለሚወርድ፣ የታችኛውን የውኃ ልክ ታሪክ የሚያጠና ሰው የላይኛውን ሳያይ ሊመለስ አይገባውም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን የማቀርበው የቤት ሥራ ይህ ነው። በሐሸንጌና በሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና እናቶች የዳርቻውን መንገዶች በየስማቸው ያውቋቸዋል፤ የትኛው የገበያ፣ የትኛው የቀብር፣ የትኛው ውኃው ሲሸሽ የተገኘ እንደ ሆነ ይነግሯችኋል። እስካሁን የመዘገባቸውን አላየሁም። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት በበጋው፣ ዳርቻው ጭቃ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ሐሸንጌ እናደርጋለን። መነሻችን ንጋት 12 ሰዓት ከቆቦ መናኸሪያ ነው። የተለየ አውቶቡስ አንከራይም፤ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በታሪፉ ከፍለን እንሄዳለን።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።